አዲስ ሰው ሰባት ቀን አይለምንም

እንግዳ ሆኖ ወደ ምድር መጥቶ ማደሪያ የታጣለት ጌታ፣ ስሙ ከፍ ከፍ ይበል።

ቡታጅራ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ውድ ይድነቃቸው፤

«ውድ» ያልሁህ ከልማድ ነው፤ እንደ ቀድሞው ከልቤ የወጣ እንዳይመስልህ። ጤንነትህንም አልጠይቅም። ደኅና መሆንህን ከድምፅህ አውቄአለሁ፤ የት እንደ ሰማሁት እነግርሃለሁ።

አስቀድሜ ግን የመጣህበትን ቀን ላስታውስህ። ከአገና በእግርህ መጥተህ በጉባኤዬ ደጅ ስትቆም እግርህ ቆስሎ፣ አኮፋዳህ ባዶ ነበር። የጉባኤያችንን ሕግ ታውቃለህ፤ አዲስ ተማሪ ሰባት ቀን አይለምንም። ነባሮቹ ለምነው ያበሉታል፤ የሰፈሩን ደጅና ውሻ እስኪለይም ማንም አይስቅበትም። የአንተን ድርሻ በየቀኑ ያቀረበችልህ ልጄ ኑኃሚን ነበረች። ቆጮው ደርቆብህ ብታለቅስ፣ «የአገና ልጅ ሆነህ ቆጮ ያስለቅስሃል?» ብላ አስቃሃለች።

ኑኃሚን በሃያ ዓመቷ ሁለት እግሯ እንደ ተያዘ ሰምተሃል። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ዓለሟ ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ድረስ ነበር። አምና የጎረቤታችን የሰይዶ ልጅ ራምዚ ኢንተርኔት ቤት ከፈተና ሊጠይቃት መጣ።

«ኮምፒዩተር ውስጥ ሰው የሚኖርበት ዓለም አለ፤ አካል መርጠሽ ትገቢያለሽ። ወላሂ፣ እዚያ ትሄጃለሽ» አላት።

«እሄዳለሁ?»

«ትበሪያለሽ እንጂ!»

«መብረሩ ይቆየኝ፤ መሄዱን አሳየኝ» አለችው። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

በባጃጅ ወሰድናት። ሐበሾች ወደሚሰበሰቡበት፣ ከባሕር ዳርቻ ወደ ተሠራው አደባባይ ገባች። አዲስ የገባ ሰው በዚያ በግራጫ ልብሱ ይታወቃል። ጣቷ አንዷን ቁልፍ ሲጫን ያቺ ግራጫ የለበሰች ሴት እግሯን አንሥታ ተራመደች፤ ልጄም አለቀሰች። ወዲያው ወርቃማ ካባ የለበሰ ሰው ቀረበና በድምፁ አናገራት። «እንኳን ደኅና መጣሽ እህቴ፤ ተከተዪኝ» እያለ እስከ ባሕሩ አፋፍ አደረሳት። «ወደ ፊት ነይ፣ ድልድይ አለ» አላት። ድልድይ አልነበረም። ከባሕሩ ወደቀች፤ መውጫውንም አታውቅ። አደባባዩ ሁሉ ሲያውካካ ያ ሰው፣ «እዩአት እስቲ! በዕድሜዋ ሄዳ የማታውቅ!» አለ።

መስመሩ ቢቆራረጥም ድምፁን አወቅሁት። ግእዝና ዕዝል እያልሁ ስምንት ዓመት የሞረድሁት ጉሮሮ ነው፤ ከሺህ መካከል አይጠፋኝም።

«አባቴ፣ ይድነቃቸው አይደለም?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኋት። በሰባ አንድ ዓመቴ ዋሸሁ፤ ይህንም በአንተ ላይ ጽፌዋለሁ። እርሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች፤ ወደ ራምዚ ቤትም ዳግመኛ አልሄድም አለች።

እኔ ግን ሄድሁ። አስቀድሜ የእርግማኑን መዝሙር፣ መቶ ስምንትን፣ ስምህን እየጠራሁ ሰባት ቀን ደገምሁብህ፤ ቍጣዬ አልበረደም። ስለዚህ ራምዚን አስተምረኝ አልሁት። ሰላምታዬን ጽፌ ሳልጨርስ ሰው ሁሉ ጥሎኝ ይሄድ ነበር። «የኔታ፣ እዚህ ‹ሰላም› ካሉ ይበቃል» ቢለኝ፣ «የሰላምታ ስስት ከማን ተማርህ?» ብዬ ገሠጽሁት።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ከሰዓት በኋላ ከዚያ አደባባይ መግቢያ በር አልጠፋሁም። ግራጫ ለባሽ በገባ ቍጥር ቀድሜህ ደረስሁበት። አካሄድ አሳየሁት፤ በር መክፈት፣ ከባሕር መውጣት አስተማርሁት። «ወርቃማ ካባ የለበሰ ሰው ድልድይ አለ ቢልህ አትመነው» አልሁት። የምትስቅበት ሰው እያጣህ ሄድህ። በባሕሩ አፋፍ ብቻህን ስትንጎራደድ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ለንስሐ አባቴም አልሸሸግሁም።

ባለፈው ሳምንት ነዋሪዎቹ መክረው ስምህን፣ ካባህንና ቤትህን ከአደባባዩ እንደ ሰረዙ አይተሃል። ከመከሩት የሚበዙት እኔ በበሩ የተቀበልኋቸው ናቸው፤ ምክሩንም የጠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን «ጃጅተህ ነው ልብስ የማትቀይረው?» ብለህ የዘበትህበት ባለ ግራጫ ልብስ ሽማግሌ መምህርህ ነበር። አዲስ ገቢዎቹ እንዳይፈሩኝ ብዬ ነው ያልቀየርሁት።

አሁን መመለስ ብትሻ እንደ ማንኛውም አዲስ ሰው ግራጫ ለብሰህ ነው። እንደምትመለስም አውቃለሁ፤ ከደጅ መቅረት አትችልበትም። እጅህን ይዤ ከዚያው አፋፍ ላደርስህና «ድልድይ አለ» ልልህ ቈርጬ ነበር። ደስ ይላት ብዬ እውነቱን ለኑኃሚን ገለጽሁላት፤ አሳቤንም ነገርኋት።

«አባቴ፣ የጉባኤው ሕግ ተሻረ እንዴ?»

«የቱ ሕግ?»

«የሰባቱ ቀን።»

በማግስቱ ራምዚን ባጃጅ አስጠራችው።

እንግዲህ ፍርድህን ስማ። በገባህ ጊዜ ሰባት ቀን ማንም አይስቅብህም። በበሩ የምትቀበልህ ኑኃሚን ናት፤ መራመድን ከእርሷ ትማራለህ። በመጀመሪያው ቀን ስሟን ትነግርሃለች፤ አንተም ስምህን ትነግራታለህ። ቸርነቷ እንደ ፍም በራስህ ላይ ሲከመር እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ አይሃለሁ፤ አላዝንልህም።

ሰባቱ ቀን የእርሷ ነው፤ ሕግ ነውና አልነካውም። ስምንተኛው ቀን ግን የእኔ ነው። ከባሕሩ አፋፍ እጠብቅሃለሁ።

ይህ ደብዳቤ የሚነበብበትን ቤት እግዚአብሔር ይባርክ። ባለቤትህን በጤና ይጠብቅልህ፤ ልጆችህም በማያውቁት ደጅ በሚቆሙበት ቀን፣ እጃቸውን ይዞ የሚያስገባቸው ሰው አያሳጣቸው። አሜን።

የቀድሞ መምህርህ፣
መሪጌታ አስረስ