ደኅናውን ክር እየዳሰሰ

ውድ የማርታ አባት፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርህ፤ መረብህን ያበላሸው ጉማሬ አልነበረም። እኔ ነኝ፣ በሽንኩርት ቢላዋ።

ከተለየኸን ይኸው ስድስተኛው ክረምት ገባ። ታንኳህ አሁን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ንብረት ናት። የቤታችን ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ከፊሉን ቆርቆሮ አስቀየርኩ፤ በራፉን አንተ የቀባኸውን ሰማያዊ ግን አላስነካሁም። ዓሣ በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ስለይ ስቀህብኝ ነበር፤ ዛሬ ማርታ የምታመጣልኝን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። የከበደኝን ደግሜ አነበዋለሁ።

ማርታ ለዕረፍት መጥታለች። ነገ ማለዳ ከመናኸሪያ ተሳፍራ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደምትማርበት ሩቅ አገር ትመለሳለች። የሰፈሩ ልጆች ገሚሱ ግንባር ቀርቷል፤ ለትምህርት የሄዱትም ስንቱ መጣ? አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ስለዚህ ፓስፖርቷን ወስጄ የበቆሎ ዱቄቱ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት። ትናንት ቤቱን ስታምስ ዋለች። እኔም አብሬያት ፈለግኩ።

መረቡንም የቆረጥኩት በዚሁ ፍርሃት ነበር። ወንድሜን ሐይቁ ወስዶብኝ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር፤ አንተ ግን ንፋስ እያየህ ልትወጣ ተዘጋጀህ። ለምኜህ እምቢ አልክ፤ ሌሊቱን ቢላዋውን አነሳሁ። በነጋታው ምሳህን ይዤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ስመጣ መሬት ተቀምጠህ፣ ለጠየቀህ ሁሉ «ጉማሬ ነው» እያልክ ስትጠግነው አገኘሁህ። ደኅናውን መረብ ከተጎዳው ጎን ዘርግተህ፣ በጣቶችህ እየዳሰስክ፣ የጎደለውን ከሙሉው እያየህ ትሠራዋለህ። አጠገብህ አምባዛ ዓሣ የሚያጥበው ሰውዬ «የዘንድሮ ጉማሬ ካራ ታጥቆ ነው እንዴ የሚወጣው?» ብሎ አላገጠብህ። አንተም «ምን ታደርገዋለህ፣ ጉማሬውም ነቅቷል!» አልከው። ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን የጠፋውን ሁሉ «ጉማሬ ወሰደው» ስትል ማርታም ለመደችው። እኔም ሳቅኩ፤ ምሳህን አጠገብህ አስቀምጬ ቶሎ ተመለስኩ።

ትናንት ከሰዓት ፍለጋው ሲያደክማት፣ ምን እንደምትማር እንድታስረዳኝ ለመንኳት። እንዲህ አለችኝ። በአንጀታችን ውስጥ በዓይን የማትታይ ፍጥረት አለች፤ ባክቴሪያ ይሏታል። በውስጧ የሕይወቷ ሥራ ሁሉ የተጻፈበት ረጅም ክር አላት፤ ልትባዛ ስትል የዚያ ክር መንትያ ይሠራል። ከሰውነታችን ስትወጣ የፀሐይ ብርሃን እንኳ ይህን ክር ይጎዳዋል፣ ይበጥሰዋል። ታዲያ አንድ ፕሮቲን አለ፤ በተበጠሰው ክር ላይ ይጠመጠምና ይዞት ደኅናውን መንትያ ክር እየዳሰሰ ይሄዳል። የሚመሳሰሉበትን ቦታ ሲያገኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተኛቸዋል። የጠፋውም ከደኅናው ይቀዳል።

የዛሬ ሰዎች ደግሞ የዚህን ፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ ከክሩ ላይ ቆርጠው በሌላ ባክቴሪያ ውስጥ ይተክሉታል። እሷም ሳታውቀው በብዛት ትሠራላቸዋለች። ከዚያ አጥርተው ጣት በምታህል ብልቃጥ፣ በበረዶ ያስቀምጡታል። የማርታ ሥራ ከእሱ ጋር ነው። መድኃኒት ነው ወይ አልኳት። «አይደለም እማዬ፣ ገና መመራመሪያ ነው» አለችኝ።

ማንም በማያየው ፍጥረት ውስጥ፣ አንድም ሰው ሳያመሰግነው፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሚጠግን! ጌታ ሆይ፣ እጅህ ስንት ቦታ ደርሷል!

እንድረዳው ብላ ሁለት ክር አመጣች። አንዱን በመቀስ ቆረጠችው፤ ሌላውን ጎትታ በጠሰችው። «ጠጋኝ ጉዳቱን መለየት አለበት፤ ጫፋቸውን እይው» አለችኝ። የተጎተተው ተተልትሏል። የተቆረጠው ቀጥ ብሏል።

ያኔ ነው የገባኝ። ጉማሬ ጎትቶ ይበጥሳል እንጂ አይቆርጥም። እያንዳንዷን ቋጠሮ በጣትህ የምታውቅ አንተ፣ ያንን ቀጥ ያለ ጫፍ ቀኑን ሙሉ ይዘህ ውለሃል። ታውቅ ነበር። የቆረጥኩት እኔ፣ የገዛ ሚስትህ መሆኔን እያወቅክ በሰው ፊት ጉማሬ አደረግክልኝ። ከዚያች ቀን ወዲህም ንፋስ ሲነሳ አንድም ቀን ወደ ሐይቁ አልወጣህም፤ እኔ ልማድህ የተለወጠ መስሎኝ ነበር። ወባው እስኪወስድህ ድረስ አንድ ቃል አላወጣህም።

ተነሥቼ ጣሳውን ከፈትኩ። ፓስፖርቷን አራግፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ዱቄቱን እፍ ስትል ሰማኋት።

«ይሄንንም ጉማሬ ነው የወሰደው፣ እማዬ?»

ልጅህ ናት። አቅፋኝ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ።

አሁን ልብሷን እያጣጠፈች ነው። ሂጂ ብያታለሁ። አሞራ ገደል ስወርድ፣ ሰው መረብ ዘርግቶ ሲጠግን ባየሁ ቁጥር፣ ቆሜ አንተን አስባለሁ፤ እስክንገናኝ። መረብ የምትጠግንበትን የእንጨት መርፌህን በእነዚህ ገጾች ጠቅልዬ ከሻንጣዋ ሥር አስገባዋለሁ። ወዳለህበት የሚሄድ ፖስታ የለም፤ የዚህ ደብዳቤ ተቀባይ ማርታ ናት።