ሳላይ «ልክ!» ያልኩበት ቀን

ውድ አለቃ ቶኩዞ፣

ሀትሱኤ ስልክ ደውላልዎት እያለቀሰች «ከተማው ጣቢያችንን ነጠቀን» እንዳለችዎት ሰምቻለሁ። በመጋቢት ሐዲዱ እንደሚነቀል፣ ባቡሩም ተቆራርጦ እንደሚሄድ ነግራዎታለች። እሱስ እውነቷን ነው። ሚዙናራ ጣቢያን የወሰደብን ግን ከተማው አይደለም። ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ይህን ከእርስዎ በቀር እስካሁን ለማንም የማኅበራችን ሰው አልተናገርኩም።

መጀመሪያ የመጣሁበትን ቀን ያስታውሱታል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጸጉር ቤቴን ለልጄ ለቅቄ፣ እሁድ እሁድ የምሠራው አጥቼ ስዞር ነበር። መስመሩ ከተዘጋ ከርሟል፤ እርስዎ ዝገት የበላው ባቡር ሥር ተኝተዋል፤ የሚታየው እግርዎ ብቻ ነው።

«ማነህ?» አሉኝ ከታች።

«ኢዋኦ ነኝ፣ ጸጉር አስተካካዩ።»

«እንኳን መጣህ! ይሄ ሰውዬ ጢሙ አድጓል፤ ላጭልኝ» ብለው የብረት ብሩሽ ወረወሩልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ላጨሁት። ሞተሩ የተነሳ ቀን ሦስት መቶ ሜትር ሄደን ስንመለስ እንባዎ ይወርድ ነበር፤ «የናፍጣው ጭስ ነው» አሉን። ጭሱ እኮ በወዲያኛው በኩል ነበር የሚወጣው፣ አለቃ። ሁላችንም አይተን ዝም አልን።

ያን ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር! በረዶ ስንጠርግ ውለን ተጠባባቂው ክፍል እንገባለን፤ ምድጃው ይነዳል፤ ሀትሱኤ ኮምጣጣ ፕለም ያለበት የሩዝ ድቡልቡሏን ታድለናለች። «ጣትህን እንዳትበላ» ትለኝ ነበር ስስገበገብ። ባቡሩን በምንጠግንበት ማኅበር ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ነበርን። አሁን አምስት ቀርተናል፤ ትንሿ ሀትሱኤ ናት፣ እሷም ሰባ አንድ ሞላት።

ካስተማሩኝ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጣት መቀሰሩ ነው። ዐይን ያያል፣ ጣት ያመለክታል፣ አፍ ይጠራል። አርባ ዓመት ባቡር ሲነዱ የኖሩበት ደንብ ነው። «ፍሬን፣ ልክ! ታኮ፣ ልክ! በር፣ ልክ!» እኔ አፍሬ በለሆሳስ ስለው በጓንትዎ ትከሻዬን መታ አድርገው «ደንበኛ እያማህ ነው እንዴ? ጮኽ በል እንጂ!» ይሉኝ ነበር። ደንቡ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ከቤት ስወጣ የጋዙን መዝጊያ እያመለከትኩ «ልክ!» ስል ባለቤቴ «ይኸው፣ ባቡሩ ተነሳ» ትል ነበር፤ ነፍሷን ይማርና።

ባለፈው መስከረም የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች መጡ፤ አሥራ አራት ናቸው። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ማሽከርከር የሚችል እኔ ብቻ ነኝ። እንደ ደንቡ ባቡሩን ዞርኩት። «ፍሬን፣ ልክ! ታኮ፣ ልክ!» ስል ልጆቹም ጣታቸውን ቀስረው አብረውኝ ጮኹ።

አለቃ፣ ታኮው በግራ እጄ ነበር። ጭቃውን ላጸዳ አንስቼው ከመንኮራኩሩ ሥር አልመለስኩትም። ፍሬኑንም አላጠበቅኩም። ጣቴ ባዶ ሐዲድ እያመለከተ አፌ «ልክ!» አለ።

ባቡሩ ወደ ድልድዩ ቁልቁለት ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። ሳዮ የምትባል ልጅ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ፣ አንዱ መድረኩ ላይ ነበር። መምህሯ ብብቷን ይዛ ብድግ አደረገቻት። እኔ ሮጬ ታኮውን ሥሩ ወረወርኩት፤ ባቡሩ ሁለት ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «አባባ፣ ድገመው! ድገመው!» መምህሯም ጨዋታ መስሏት «ኧረ በሞቴ፣ አስደነገጡኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። 

በኅዳር ኩማጋይ የምትባለው የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ ጣቢያውን የምንጠቀምበትን የአምስት ዓመት አዲስ ውል ይዛ ቤቴ መጣች። አዎ፣ ከተማው ሊያድስልን ነበር! ልጅቷ ስንት ወር ስትሟገትልን እንደቆየች አያውቁም። «ደስ ይበልዎት፣ አባባ ኢዋኦ። የደኅንነት ኃላፊ በሚለው ቦታ ማኅተምዎን ያሳርፉልኝ፣ አለቀ» አለችኝ። ማኅተሜን ቀይ ቀለሙን አስነካሁት፤ እጄ ግን ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ቆሞ ቀረ። የሳዮ እግር ነው የታየኝ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳት፤ ውሉንም ሳላትም መለስኩላት።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች «ለማኅበሩ ማን ይንገራቸው?» አለችኝ።

«ከተማው እምቢ አለ በይልኝ፣ ልጄ።»

ፊቴን አይታ እሺ አለች። ያን መለመን አልነበረብኝም።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ ሀትሱኤ አገኘቻት። «አንቺ! የሽማግሌ መጫወቻ ነጥቀሽ እንጀራ ትበያለሽ? እናትሽ ይህን ነው ያስተማረችሽ?» አለቻት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጅቷ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ «ይቅርታ» ብላ፣ የያዘችውን ዕቃ መሬት አስቀምጣ ወጣች። እኔ ከሽንኩርቱ መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ባቡሩን በማቆሜ አዝኛለሁ እንጂ አልተጸጸትኩም። በዚህች ልጅ ግን በጣም አፍራለሁ።

እሁድ የስንብት ቀን ነው። ኩማጋይ ከተማውን ወክላ ትመጣለች፤ ሀትሱኤ ልትወርድባት ንግግር ስታጠና ሰንብታለች። ከእሷ በፊት ተነስቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ሊጠሉኝ ይችላሉ፤ ይጥሉኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከሦስት ዓመት በፊት ጓንትዎን እጄ ላይ አስቀምጠው «ጉልበቴ እምቢ አለኝ» ብለው ወደ ልጅዎ ቤት ሄዱ። ልጅዎ ግን በአዲስ ዓመት ካርዷ «አባቴ በየማለዳው የመቅደሱን ሁለት መቶ ደረጃ ይወጣል» ብላ ጽፋልኛለች። ካርዱን ደጋግሜ አነበብኩት። አለቃ፣ እርስዎም ሳያዩ «ልክ!» ያሉበት ቀን ነበር እንዴ? እንደዚያ ከሆነ አልቆጣም። እንዲያውም ይቀለኛል፤ ይህን ሁሉ ወር እንዲህ ያደረገ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በአራት ሰዓት ጠዋት እንጀምራለን። ጉልበትዎ ደህና ከሆነ ይምጡና አጠገቤ ይቁሙ።

አክባሪዎ፣
ጸጉር አስተካካዩ ኢዋኦ