ከሽንት ቤታችን ታንከር የወጡት ሦስት ጠርሙሶች እንዳይመለሱ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ለጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

አቤት ባይ፦ በሦስተኛ ፎቅ የበር ቁጥር 12 ነዋሪ፣ በሙያዬ ልብስ ሰፊ

ጉዳዩ፦ የሽንት ቤታችን የውሃ ታንከር «ወደ ነበረበት ሁኔታ ይመለስ» ተብሎ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ጊዜዎ በከባድ ከባድ ጉዳይ የተያዘ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ይዤ የመጣሁት ደግሞ ስሙን በሰው ፊት ለመጥራት እንኳ የሚያሳፍር ነው። ሆኖም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከሥሩ እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

1. ባለፈው የካቲት መሥሪያ ቤትዎ ውሃ ለመቆጠብ ሲል በየሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ በአሸዋ የተሞላ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንዲገባ ሰርኩላር አወጣ። ጠርሙሱ ቦታ ስለሚይዝ ታንከሩ በትንሽ ውሃ ይሞላል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔም ደግፌዋለሁ። የሕንፃችን ሰው «ማኅተሙ» እያለ የሚጠራው የቧንቧ ሠራተኛዎ መጥቶ ጠርሙሱን አስገባ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ መገጣጠሚያው ላይ «ያለ ባለሙያ መክፈት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፎ ማኅተም መታበት። ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ ከዚህ በላይ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

2. ከዚያ ቀን ወዲህ ሽንት ቤታችን ጠባዩ ተለወጠ። እጀታውን ስንጫነው ውሃው ዙሪያውን ዞር ዞር ይልና የመጣበትን ጉዳይ ሳይፈጽም ይቆማል። በአክብሮት ልናገርና፣ «ነገ ተመለሱ» የሚል ባለጉዳይ አስተናጋጅ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ በስልክ የሰጠን መፍትሔ «በባሊ ድፉበት» የሚል ነበር። ያን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ባሊ መሸከም ቀላል ነው። እኛም እንደታዘዝነው በባሊ እየደፋን ሰነበትን።

3. በሚያዝያ፣ በሰኔና በነሐሴ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አላለኝም፤ ሦስቱንም ጊዜ ማኅተሙ ሳምንት ሳይሞላ መጥቷል። ቱቦውን በሽቦ ይጎረጉራል፣ ታንከሩን ከፍቶ አንድ ነገር ያደርግና መልሶ ያሽጋል። በነሐሴው መዝገብ ላይ ግን የሚከተለው ሰፍሮ አገኘሁት፦ «ነዋሪዋ ልብስ ሰፊ በመሆኗ ቁራጭ ጨርቅ ጥላበት ሊሆን ይችላል። ተጠግኗል።» አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ክቡር ኃላፊ፣ እኔ ቁራጭ ጨርቅ አልጥልም፤ ከቁራጭ ጨርቅ የትራስ ልብስ እሰፋለሁ። ማስረጃ ከተፈለገ ትራሱ አለ።

4. ይህን አንቀጽ ብቻዎን ሆነው፣ ድምፅዎን ሳያሰሙ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ጸሐፊዎ የሕንፃችን ነዋሪ ናት፤ ወሬ ደግሞ ከውሃ ይፈጥናል፣ በተለይ ከእኛ ሽንት ቤት ውሃ።

አማቴን፣ የባለቤቴን እናት ማለቴ ነው፣ አያውቋቸውም። በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው፣ የክፍሉ ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ነጭ አንሶላ በሩቁ አይተው በምን ሳሙና እንደታጠበ ይነግሩዎታል። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ጊዜ የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ስለነበር ባሊ ማንሣት አይችሉም። ስለዚህ እሳቸው ከሽንት ቤት ሲወጡ እኔ ባሊዬን ይዤ እገባ ነበር። እንደ ቀላል ነገር ቆጥሬው፣ አንዳንዴም እያንጎራጎርኩ።

በመስከረም መጀመሪያ ከወንበር ሲነሡ ዞሮባቸው ወደቁ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሟ መርምራ ስታበቃ «እናቴ፣ በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣሉ?» ብትላቸው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። እኔ ጣልቃ ገብቼ ጠዋትና ከሰዓት ሻይ በእጄ እንደማቀርብላቸው በኩራት ተናገርኩ። ቤት ስንመለስ መስኮታቸው ሥር ያለችው አበባ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ለምን እንደዚያ እንደፋፋች ገባኝ። ሻዩን ስትጠጣ የከረመችው እሷ ናት።

ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው መጀመሪያ የአበባዋን ቅጠል በጣታቸው መጥረግ ጀመሩ። ኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ሠላሳ ዓመት የሰው እድፍ ያጠብኩ ሰው ነኝ፣ ልጄ። የኔን ሌላ ሰው በባሊ ሲያጥብልኝ ከማይ ጉሮሮዬ ይድረቅ» አሉኝ። አለቀስኩ፣ ክቡር ኃላፊ። ባሊዬን ይዤ ስገባ ትልቅ ሰው እያሳፈርኩ ሰባት ወር መኖሬን አላወቅሁም ነበር።

5. በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ሽንት ቤቱን ያዝኩ። የስፌት ማሽን ሲያስቸግር መርፌውን ከመውቀስ በፊት ክሩ ከጥቅልሉ ጀምሮ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ በጣት መከተል የሙያዬ ልማድ ነው። ይህንንም እንደዚያው ያዝኩት።

በመጀመሪያ አንድ ባሊ ሙሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ደፋሁበት፤ እልም ብሎ ወረደ። ቱቦው ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ የባሊውም ባልወረደ ነበር። እንግዲያው ጥፋቱ ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ከታንከሩ ነው። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ ባሊ ስንደፋ ማስረጃውን በእጃችን ይዘን ነበር። ማኅተሙም ቢሆን ሥራውን የሚፈትነው በባሊ ነው፤ ይደፋና «ይኸው ወረደ አይደል?» ብሎ ይፈርማል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከረምን ማለት ነው።

ከዚያ የታሸገውን ወረቀት ቆረጥኩት። ድንገት ተቀደደ ብዬ አልዋሽም፤ በስፌት መቀስ፣ ቀጥ ባለ መስመር ነው የቆረጥኩት።

ክዳኑን ሳነሣ አንድ ጠርሙስ ጠብቄ አራት አገኘሁ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፤ ለውሃው የተረፈው ቦታ ለእንግዳ እንኳ የማይበቃ ነው። አንደኛው ከተንሳፋፊው ኳስ ክንድ ሥር ተሸጉጦ ክንዱን ወደ ላይ ስለያዘው፣ ቧንቧው ታንከሩ የሞላ መስሎት በግማሹ ይዘጋል። ሌላኛው የእጀታውን ሰንሰለት ጠምዝዞ ስለያዘው፣ ከታች ውሃውን የሚለቀው የጎማ ክዳን በቅጡ ሳይነሣ መልሶ ይከደናል። ከየካቲት ጀምሮ ያስቸገረን ይህ ሰንሰለት ሳይሆን አይቀርም።

ሦስቱን ጠርሙስ አወጣሁ። አንዱን ሰርኩላሩን አክብሬ ከኳሱም ከሰንሰለቱም በራቀ ጥግ አቆምኩት። ሰንሰለቱን ፈታሁ፣ ስለላላም ሁለት ቀለበት አሳጠርኩት። የኳሱን ክንድ አስተካክዬ ውሃው በታንከሩ ውስጥ እስከተሰመረው ምልክት እንዲደርስ አደረግሁ። ከመቀመጫው ከንፈር ሥር ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በነጭ ዝቃጭ ተደፍነው ነበር፤ ግማሽ ቀን በአቼቶ የተነከረ ቁራጭ ጨርቅ አልብሻቸው ሲለሰልሱ በኪሮሽ መርፌ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ቁራጭ ጨርቅ እዚያ ሽንት ቤት የገባው እንግዲህ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ተቆጥሮ ገብቶ ተቆጥሮ ወጥቷል።

እጀታውን ተጫንኩት። ወረደ፤ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ባሊ። አማቴ ከክፍላቸው ድምፁን ሰምተው «ምንድነው?» አሉ።

6. በመስከረም መጨረሻ ማኅተሙ ለጉብኝት ሲመጣ የተቆረጠውን ወረቀት አይቶ ክው አለ። ግዴታው ነውና ሪፖርት አደረገ፤ አልተቀየምኩትም፣ ደግ ሰው ነው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። አራት ጠርሙስ ምን ሊሠራ እንዳስገባ ጠየቅሁት። «እቴ፣ ቅጹ ‹አስገባ› ይላል እንጂ ‹ቁጠር› አይልም» አለኝ። አውጥቶ አሳየኝ፤ እውነቱን ነው። በተራ ቁጥር ስድስት ላይ «የቁጠባ ጠርሙስ ገብቷል» የሚል ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት ከሌለ ቢሮው ቅጹን አይቀበለውም። ስለዚህ በመጣ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ሽንት ቤቴ ደካማ ነው ብዬ ባመለከትኩ ቁጥር ይበልጥ ሲደክም የኖረው በራሴ ማመልከቻ ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ፈርቷል፤ እባክዎ በዚህኛው ላይ ጠርሙስ እንዳያዙበት።

ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ በበር ቁጥር 12 ስም የተመዘገቡት አራት ጠርሙሶች በሙሉ ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ ታንከሩ ዓርብ ጥቅምት 17 በሽቦ ዳግም እንደሚታሸግ ይገልጻል። ወረቀት መቁረጤ ጥፋት ነው፤ ለዚያ የሚገባኝን ተግሣጽ ቆሜ እቀበላለሁ። ነገር ግን አራት ጠርሙስ በነበረበት ጊዜ ለአንድ ሰው ሁለት ባሊ ስንደፋ እንደነበር ግምት ውስጥ ይግባልኝ። ያን ያህል ውሃ ያለ ቁጠባም አናባክንም ነበር።

7. ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ሰርኩላሩ በሚለው መሠረት አንዱ ጠርሙስ ባለበት እንዲቆይ፣ ሦስቱ ግን እንዳይመለሱ፣ የዓርቡም እሽግ እንዲቀር ይወስኑልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ። ጠርሙሶቹ የመንግሥት ንብረት እንደመሆናቸው አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከዚህ አቤቱታ ጋር በዘንቢል ልኬያለሁ፤ መዝገብ ቤትዎ ተረክቦ ይፈርምልኝ። በተራ ቁጥር ስድስት ሳጥን ሥር «ቀድሞ የገባ አለ ወይ?» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ደግሞ፣ በየፎቁ ባሊ የተሸከሙ ሌሎች ምራቶች ይመርቁዎታል። ማኅተሙ በዚህ የተነሣ እንዳይወቀስ አደራ እላለሁ።

ትእዛዝ አክብሬ ያደግሁ ሴት ነኝ። ዓርብ ሽቦ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ግን ከሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እንደሚያገኘኝ አስቀድሜ በጽሑፍ አሳውቃለሁ። ምክንያቴን ልንገርዎት። ትናንት ከሰዓት ማሽኔ ላይ ሳለሁ አማቴ ባዶ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው መጡ። ከጨርቁ መሐል ቦታ ፈልገው አስቀመጡትና «ድገሚኝ» አሉኝ። ከየካቲት ወዲህ ከአፋቸው ያልሰማሁት ቃል ነው። ተነሥቼ ቀዳሁላቸው። እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ውሳኔዎን በተስፋ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮትና ከመላው ቤተሰቤ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የበር ቁጥር 12 ልብስ ሰፊ