ብልጭ ድርግም ሲል አትንቀይው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ትንሿስ ደህና ናቸው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም የመርከቡ ሞተር ሥር ጎብጠህ ነው የምትውለው? እኛ ደህና ነን። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ መቀመጫዬ እሾህ ሆኖብኛል፤ ይህንንም አንድ መስመር በጻፍኩ ቁጥር እየተነሣሁ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የቤታችን ኢንተርኔት ማከፋፈያ፣ ራውተሩ ነው። እማዬ ጆሮዋ አይሰማ፣ ከአንተ ጋር በቪዲዮ የምታወራው በእጇ ነው፤ ምስሉ ቀጥ ባለ ቁጥር እጅህ አየር ላይ ተሰቅሎ ይቀርባታል። አባዬ ደግሞ ኳሱን ከከፈተ መስመሩን ሙልጭ አድርጎ ይጠጣዋል። ለእማዬ ምስል ቅድሚያ ስጥ ብዬ ባዘው፣ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሶፍትዌር ወይ ፍንክች! መርከብህ አርብ ሊነሣ ነው፣ ከዚያ ለወራት አትታይም። ስለዚህ እሱን ጠርጌ፣ ሰዎች ተባብረው በነጻ የሚሠሩትን፣ ማንም ከፍቶ እንዳሻው የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር ልጭንበት ተነሣሁ። ችኩልነቴን ታውቀው የለ።

«እስኪያልቅ ድረስ ከሶኬት እንዳይነቀል» ይላል መመሪያው። አባዬን አስጠንቅቄ ዘብ አቆምኩት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ውሃ ልጠጣ ኩሽና ገባሁ። እማዬ መጣች፣ መብራቱን አየች፣ ላጥ አድርጋ ነቀለችው! አባዬ «ኧረ ተይ!» ብሎ ጮኸ። ለማን ነው የሚጮኸው? ይህን ያስተማርካት አንተው ነህ፤ ብልጭ ድርግም ካለ ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪው ብለሃታል። መልሳ ሰክታ በኩራት አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ራውተሩ ግን ጭጭ።

የሆነውን ስነግራት «ገደልኩት?» አለችኝ በእጇ፣ ከዚያም እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። አንጀቴን በላችው። የሰፈሩ የስልክ ኔትወርክ ድምፅ እንጂ ምስል አይሸከምም፤ እኔ ብደውልልህ ለእሷ ምኗ ነው? ዛሬ ጠዋት እጅጌዬን ጎትታ ጻፊለት አለችኝ። ጎረቤታችን ሾፌሩ ነገ ወደ እናንተ ይነዳልና በእሱ እልከዋለሁ። ያለችህ ይህ ነው፤ «ሳላይህ ከሄድክ ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻ እጅህን ከማሽኑ ጠብቅልኝ። አንዲት ጣት ብትጎድልህ በምን ታወራኛለህ?»

ኮምፒውተር ጠጋኙ በስልክ እንደነገረኝ፣ ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኜ ሶፍትዌሩን ከኮምፒውተሬ በኬብል እንደገና ልኬበታለሁ። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። ይኸው አሁን ለሦስተኛ ጊዜ እየሞከርኩ ነው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ! እማዬ ሳታስበው ብድግ ብላ ወደ ሶኬቱ ተንጠራራች፣ እኔን አየችኝና ተመለሰች።

ባለቤትህን ጉንጭና ጉንጯን፣ ትንሿን አፍንጫዋን ሳምልኝ። አባዬ በርታ ብሎሃል፣ ኳስ እስከ አርብ አላይም ብሎ ምሏል። የእማዬን ሰላምታ ለጊዜው ልልክልህ አልቻልኩም፤ ሁለቱንም እጆቿን ከሥሯ አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች።

እህትህ
ከሳሎኑ ጠረጴዛ፣ ራውተሩ ፊት
ማክሰኞ፣ ግንቦት 12