ጥንዚዛ ያልነካው እበት

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃውስ አላስቸገረሽም? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ ቤቱ ሰላም አጥቷል፤ ታመናል እንዳልልሽ ሁላችንም በእግራችን ቆመናል።

ነገሩ የጀመረው ከእበት ነው፤ አትሳቂ። ስትመጪ እንዳየሽው መስኩን በገመድ ከፋፍለን ላሞቹን በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር እናዛውራለን። ማዳበሪያም ሆነ መድኃኒት አንገዛም። ማዳበሪያችን እበቱ ነው፤ እየቦረቦሩ አፈር ውስጥ የሚቀብሩልን ደግሞ ጥንዚዛዎቹ ናቸው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግን አንዳንዱ እበት ሳይነካ ደርቆ ቀረ። ብገለብጠው ከሥሩ ጥንዚዛዎቹ ሞተዋል። ላሞቹን ስከተል ዋልኩ፤ የላማችን የሙሽሪት እበት ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰው የትል መድኃኒት ሰጥቷታል፤ መድኃኒቱ ከእበቱ ጋር ወጥቶ ጥንዚዛውን ይገድላል።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ሰው አያምንም። መጀመሪያ በእርሻችን የሚስቀውን ጎረቤታችንን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ባሌን፣ አማችሽን። ሙሽሪት የከሳች ጊዜ “ዝም ብለን ስትሞት እንያት?” ሲል ሰምቼዋለሁ። ከኔ ተደብቀህ ሰጠሃት አልኩት። ሰጠሁም አላለ፣ አልሰጠሁም አላለ። “ከዳነች ይበቃል” ብሎ ብርድ ልብሱን ይዞ ድርቆሽ ቤት ገባ፤ እስከ ትናንት የሚያድረው እዚያ ነበር። ኪሱን ሁሉ ፈትሻለሁ፣ እማዬ፤ ሲተኛ ጠብቄ ፈትሻለሁ።

አይብ ሠሪዋ ወተታችንን የምትወስደው መድኃኒት አንሰጥም ባልናት ቃላችን ብቻ ነው። ሄጄ የሆነውን ነገርኳት። የሙሽሪትን ወተት እየደፋሁ ነው፤ የሌሎቹን ትወስዳለች፣ አሁን ግን ክዳኑን ከፍታ ሳታሸት አትቀበለኝም። አልፈርድባትም።

ሙሽሪትም አዲስ አመል አውጥታለች። ሥጋዋ ተመልሷል፤ ጠዋት ጠዋት ግን አጥሩ ጋ ቆማ እጄን ታሸታለች። አንቺ በማለዳ እየወጣሽ ታሻሺያት የነበረው ናፍቋት ነው ብዬ ነበር። ትናንት በእጄ የያዝኩትን ዳቦ ሰጠኋት። ቶሎ አልዋጠችም። አፏ ውስጥ እያገላበጠች መሃሉን በምላሷ ፈተሸች፣ ምንም ስታጣበት ነው የዋጠችው። እዚያው አጥሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። እኔም ልጅ ሳለሁ ስታመም ማር የተቀባውን ዳቦ የምበላው እንደዚያ፣ የደበቅሽበትን ክኒን በምላሴ እየፈለግኩ ነበር፤ ታስታውሻለሽ? “ብዪ፣ ምንም የለበትም” ትዪኝ ነበር። ደግሞም እድን ነበር።

ብርድ ልብሱን ራሴ ከድርቆሽ ቤት አምጥቼ አልጋችን ላይ አነጠፍኩት። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ስጠይቀው “እናትሽን ሳሚልኝ፣ ላሟ ደህና ናት በያት” አለኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ስንናፍቅሽ ነይ፣ ሙሽሪትም ትጠብቅሻለች። ስትመጪ ግን ባዶ እጅሽን ነይ፤ ዳቦ እዚህ አለ።

ጠርጣራዋ ልጅሽ