እትዬ ሁለቴ ስታንኳኳ

ወንድም ዓለሜ፣

ታላቃችንን እትዬን ከቤቷ ያስወጣት ሞት አይደለም፤ አዛኟ ናት። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት በሰላምታው መሐል እንዳይጠፋብህ ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ ጉልበትህ ተሻለው ወይ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግሬ ቢያብጥም ቆሜ እሄዳለሁ፤ የሰው ልብስ አጥቤ፣ ተኩሼ አድራለሁ። ፊደሌ እንደ ምሰሶ የተገተረ ነው፤ በእርጅና የለቀምኩት ነውና አትሳቅብኝ።

አዛኟ ማለት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የምትመጣው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ናት። ስሙን ያወጣላት የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ነው፤ አሮጊት ባየች ቁጥር «እናቴ» ሳትል አታልፍማ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን በሩን እዘጋባት ነበር።

የመጣች ዕለት የሆነውን በስልክ ስነግርህ መስመሩ እየተቆራረጠ በደንብ የሰማኸኝ አይመስለኝም። እትዬ ምላሷ ከተያዘ ወዲህ እንዴት እንደምንነጋገር ታውቃለህ። የእሷን መኝታና የእኔን የሚለየው ጣውላ ነው፤ አንዴ ካንኳኳችው «እሺ» ነው፣ ሁለቴ ከሆነ «እምቢ»። እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝም በዚያው ነው። እሷ ቀድማ ያየችውን ገጽ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ስሳሳት ከወዲያ ኳ ኳ ታደርጋለች። መምህሬ የጣት አጥንት ነበር ብል አልዋሸሁም።

አዛኟ ገባች፣ እትዬን ጉንጯን ሳመቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይበላሉ? ይተኛሉ? ራሳቸውን ይችላሉ?» ትለኝ ጀመር፤ እኔም እመልስላታለሁ። እትዬ እዚያው ቁጭ ብላ ታያታለች። አረጋውያን መኖሪያ እንደምታስገባት ስትናገር፣ እትዬ ጣውላውን ሁለቴ መታችው። አዛኟ ደነገጠች። «ምን ሆነው ነው? ይታወካሉ ልበል?» አለችኝ። «እምቢ ማለቷ ነው» አልኳት። እጄን ይዛ ፈገግ አለችና፣ «እናቴ፣ ንጹሕ አልጋና ሐኪም ማግኘት እኮ ሰብአዊ መብታቸው ነው» አለችኝ። «መብቷ ከሆነ የራሷ ነዋ፤ እሷን ጠይቂያት» አልኩ። ጎንበስ ብላ እትዬን «አይዞዎት እናቴ» አለቻት። አይዞዎት ጥያቄ ነው እንዴ? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ባለቤቷማ ጮኻ ነበር። ጩኸቷን በሽታ አሉት እንጂ።

ሁለት ጠብደል ሰዎች በወንበር ተሸክመው ደረጃውን አወረዷት። በየመታጠፊያው የደረጃውን ብረት ሁለቴ፣ ሁለቴ ትመታ ነበር። ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ ወጣ። ልብስ ሰፊው «ኧረ ሴትዮዋ እምቢ እያሉ ነው!» ብሎ ጮኸ። አዛኟ «አባቴ፣ እባክዎ መንገድ ይልቀቁልን» አለችው።

ያስገቧት ቤት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ንጹሕ ነው። አንሶላው ነጭ ነው፤ አተኳኮሱ ከእኔ እጅ ባይደርስም። ግድግዳው ግን ሲሚንቶ ነው። እትዬ ብትመታው ድምፅ አይወጣውም። ሌላ ቀን ብሄድ የጣቶቿ ቆዳ ተልጧል፤ አስታማሚዋ እንዳትጎዳ ብላ ጨርቅ ጠቅልላባታለች። ዓይኗን አየሁት፤ እሷም አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቀዋለህ፤ ለቀብሯ አልደረስክም እንጂ።

አሁን ጣውላው ይንኳኳል። እንጨት ሲደርቅ ይጮኻል ትለኝ ይሆናል። እንጨት ግን ንባብ አያርምም። በጠራራ ፀሐይ፣ ካውያው እስኪግል የልብስ መጠቅለያ ጋዜጣ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ አንድ ቃል ስስት ኳ ኳ ይላል። ተመልሼ ሳየው በእርግጥም ተሳስቻለሁ። ለልብስ ሰፊው ብነግረው፣ «እኔ ዕድሜ ልኬን ለሚስቴ ሳወራ አንዴም አልመለሰችልኝ፤ አንቺ ግድግዳ ይመልስልሻል፣ ምን ጎደለሽ?» አለኝ።

ጉድ ያፈላብኝ ይህንኑ ለአንተ ማጫወቴ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ ደውለህ «እህቴ ብቻዋን ናት፣ የሌለ ነገር ትሰማለች፣ እሷንም መኖሪያው አስገቡልኝ» አልካቸው። በቀደም አዛኟ መጣች። እኔንም በወንበር ልታስወርደኝ ነው ብዬ ካውያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። እሷ ግን ከበሩ ውጪ ቆማ «ልግባ?» አለች። ድሮ እንዲህ አትልም ነበር። ገብታ ስትቀመጥም «እናቴ» አላለችኝም። «ወንድምዎ ስለ እርስዎ ነግረውናል። እርስዎስ ምን ይላሉ? የት መኖር ይፈልጋሉ?» ብላ መልሴን ጠበቀች። «እዚሁ» አልኳት። «እሺ» አለች።

በቃ፣ ይኸው ነበር። ሥራዋ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ እንደሆነ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ መርዳት መብቱን መንጠቅ እንደሆነ በእትዬ እንደተማረችው ነገረችኝ። ስትናገር የምታየው እኔን አልነበረም፤ ጣውላውን ነበር። በእትዬ ተማረች! ለእትዬ የተነፈገችው ጥያቄ ለእኔ ተሰጠችኝ፤ እንደ ሙት ጋቢ ወርሼ ለበስኳት። ትሞቃለች፤ ግን ትከብዳለች።

«ይቅር ብያታለሁ» ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ሳነበው ከወዲያ ኳ ኳ አለ። ሰርዤዋለሁ።

አንተን አልቆጣህም፤ ሩቅ ያለ ሰው ፍርሃቱ ብዙ ነው። ግን ዳግመኛ ስለ እኔ ከጠየቁህ «እሷን ጠይቋት» በላቸው። የእኔ ምላስ አልተያዘም፤ ቢያዝም ጣት አለኝ።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ትልቋን ልጅህን ጉንጯን፣ ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ። አማትህንም እጅ ነሥቻለሁ በላቸው፤ ስለ ጤናቸው ግን አንተ አትጻፍልኝ፣ ራሳቸው ያስጽፉልኝ። እኔም ከእንግዲህ፣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ፣ ስለ እሱ ብጠየቅ አልመልስም።

እህትህ
ከጣውላው ወዲህ፣ ሰኔ ፱ ቀን