ወንዙ ዳር የቆመው የነስሩ ስልክ

ለምወድሽ እህቴ ለረምላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ምግብስ ትበያለሽ ወይስ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተደፋሽ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከወንድማችን ከነስሩ ባዶ ቦታ በቀር የጎደለብን የለም።

የምጽፍልሽ የምሥራች ነው። መንገድ ሲዘጋ እንዲነግር ለሾፌሮቹ ስልክ የሠራሽው አፕሊኬሽን በየገበያው ቀን «ጊምቢቹ መግቢያ መንገድ ተዘግቷል» እያለ ሲዋሽ፣ መሳቂያ ሆኜ ነበር። «እህትህ አዲስ አበባ ቁጭ ብላ መንገድ ዘጋችብን» ይሉኛል። አጎታችን ሳዲቅማ «ባትሪዬንም ካርዴንም ከሚበላብኝ ደመናውን ባይ ይሻለኛል» ብለው ሊያጠፉት ነበር። ጊምቢቹ ገበያ ከሳቸው ጋር ሄጄ ሳይ፣ ለካ ሾፌሮቹ መኪናው እስኪጫን ስልካቸውን መግቢያው መንገድ ዳር ያለው የአወል ሱቅ ቻርጅ ላይ ሰክተው ነው የሚሄዱት! ፕሮግራምሽ ስልኮቹ አንድ ቦታ ሲቆሙ መኪኖቹ የቆሙ ይመስለዋል። ቻርጅ ላይ ያለውን እንዳይቆጥር ካስተካከልሽው ወዲህ ውሸቱ ቀረ፤ እምነቱ ግን ቶሎ አልተመለሰም።

ባለፈው ሐሙስ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። አጎታችን ጭነው ወጥተው ነበር። ነስሩን ጎርፍ ወደ ወሰደበት መሻገሪያ ሲቃረቡ ስልካቸው «ወደፊት መኪኖች ቆመዋል» አለ። «ደግሞ የማን ቻርጅ ነው!» ብለው ሊያልፉ ሲሉ ምልክቱን የላኩትን ስልኮች ባለቤቶች ስም አዩ። ሾፌር የሚያውቀውን ሰው ስም ካላየ አያምንም ብዬሽ ስም እንዲወጣ ያደረግሽው ትዝ ይልሻል? የመጀመሪያው ስም «ነስሩ» ይላል። ፍሬን ያዙ። በእግራቸው ወርደው ቢያዩ መሻገሪያው የለም፤ ውኃ ብቻ።

አባባ የነስሩን ስልክ ለሾፌሩ ጓደኛው ለዘርአብሩክ ሰጥተውት የለ? ከማዶ ሲመጣ ቀድሞ የቆመው እሱ ነበር።

አጎታችን ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲገቡ እማዬ አለቀሰች፤ ግን የሐዘኑ ዓይነት ለቅሶ አልነበረም። አሁን ዝናብ እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔም ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ደብተሬን ገልጫለሁ።

ስትደውዪ የስልኩን ስም በዘርአብሩክ ልቀይረው ወይ ብለሽኝ ነበር። አትቀይሪው። ዘርአብሩክም «የእኔ ስም ማንን ያስቆማል?» ብሏል። መሻገሪያው እስኪሠራ ነስሩ ወንዙ ዳር ቆሞ መኪና ይመልስ።

እማዬና አባባ ዱዓ ያደርጉልሻል። ትንሿ ዛሂራ ለረመዳን ካልመጣሽ ኩርፊያ ነው ብላለች። አጎታችን ሳዲቅ ደግሞ «ሰላም በላት፤ ባትሪዬን ይብላው» ብለዋል።

ወንድምሽ ሸምሱ
ሆሳዕና፣ ግንቦት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.